ነርስና ሕመምተኛ፤ ማዳመጥ ሕክምና ስለሚሆንበት መንገድ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የቀድሞ ሰዎች ምሳሌ በየቤቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ምሳሌ የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ አካል ሕመም ስንነጋገር ነው። እግሩ የተሰበረውን ሰው ጎረቤቱ ሁሉ ተረባርቦ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል፤ እንቅልፍ ያጣውን፣ ከሰው የተለየውን፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚያለቅሰውን ወይም ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማውን ሰው ግን ቤተ ሰቡ በኀፍረት ይሸሽገዋል። እርሱም ራሱ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። ከዚህም የተነሣ በጊዜው ቢታከም ሊቀል ይችል የነበረው ሕመም ሥር ይሰዳል።

በዚህ ወር ትምህርታችን ልናስረዳ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፤ በሠለጠነ ሰው የሚደረግ ማዳመጥና መነጋገር እንደ ክኒንና እንደ መርፌ ሁሉ ራሱን የቻለ ሕክምና መሆኑን፤ ይህም ሕክምና የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ድንበርና የራሱ ፍጻሜ ያለው መሆኑን ነው። አንዳንድ ሰዎች ዘመዳቸውን ወደ ጤና ድርጅት ካመጡ በኋላ ነርሷ ከሕመምተኛው ጋር ተቀምጣ ስትነጋገር ባዩ ጊዜ «ለወሬ ነውን የመጣነው? መድኃኒት አይሰጠንምን?» እያሉ ያዝናሉ፤ ሕመምተኛውንም ይዘው የሚመለሱ አሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን አለመግባባት ለማቃለል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉ እናሳስባለን።

1ኛ፤ የንግግር ሕክምና ምን እንደ ሆነ

ሳይኮቴራፒ የሚባለው ሕክምና በአማርኛ «የንግግር ሕክምና» ሊባል ይችላል። በግል የሚሰጠው ዐይነት፤ አንድ ሕመምተኛና አንድ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ሐኪምም ቢሆን ነርስም ቢሆን፣ በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ፣ ለታወቀ ዓላማ እየተገናኙ የሚነጋገሩበት ነው።

የዚህ ሕክምና ታሪክ እጅግ ረዥም አይደለም። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ዮሴፍ ብሮየር የተባሉ ሐኪም ከ1880 እስከ 1882 ድረስ አንዲት ወጣት ሴት ያክሙ ነበር። ይህች ወጣት የደረሰባትን ነገር በቃሏ በተረከች ጊዜ ሕመሟ ቀለል እንደሚልላት ስላስተዋለች ነገሩን «የንግግር ፈውስ» ብላ ጠራችው። ብሮየርና የሥራ ጓደኛቸው ሲግመንድ ፍሮይድ በ1895 ስለ እርሷና ስለ ሌሎች ሕመምተኞች መጽሐፍ አሳተሙ። ወጣቲቱ በዚያ ሕክምና ብቻ ወዲያው ፈጽማ አልዳነችም፤ ከዚያም በኋላ በሌላ የሕሙማን ማረፊያ መታከም አስፈልጓታል። ሆኖም ያወጣችው ስም እስከ ዛሬ ሲጠራ ይኖራል።

ከዚያ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ልዩ ልዩ መንገድ ተከትለዋል። አንዳንዶቹ የልጅነትን ዘመን ይመረምራሉ፤ እንደ አሜሪካዊው ሐኪም እንደ አሮን ቤክ ያሉት ደግሞ ሰውን የሚያስጨንቀውን ሐሳብ ይዘው እውነትነቱን ከሕመምተኛው ጋር ይፈትናሉ። ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ሮጀርስ በ1957 ባወጡት ጽሑፍ፤ አካሚው ሦስት ጠባይ ሊኖረው እንደሚገባ አስረድተዋል። እነዚህም ራሱን ሳይሸፍን እውነተኛ መሆን፣ ሕመምተኛውን ሳይፈርድበት መቀበል፣ ችግሩንም በሕመምተኛው ዐይን ለማየት መጣር ናቸው። መንገዱ ቢለያይም ሕክምናው የሚቆመው በሁለቱ ሰዎች መተማመን ላይ ነው።

ይህ ንግግር ከተራ ጨዋታ በሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፤ በጨዋታ ጊዜ ሁለቱም ሰዎች የየራሳቸውን ችግር ያወራሉ፤ በሕክምናው ግን ጊዜው በሙሉ የሕመምተኛው ነው። ሁለተኛ፤ ጨዋታ በአጋጣሚ ተጀምሮ በአጋጣሚ ያልቃል፤ ሕክምናው ግን ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው የታወቀ ነው። ሦስተኛ፤ በጨዋታ የተነገረው ነገር ከአንዱ ቡና ወደ ሌላው ቡና ሊሻገር ይችላል፤ በሕክምናው የተነገረው ግን በምሥጢር ይጠበቃል።

2ኛ፤ የነርስ ድርሻ እንዴት እንደ ታወቀ

በቀድሞ ዘመን ነርስ የምትታወቀው አልጋ በማንጠፍ፣ ቁስል በማጠብና ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ በመስጠት ነበር። በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የምትሠራውም ነርስ ዋና ተግባሯ ሕመምተኛው እንዳያመልጥና ራሱን እንዳይጐዳ መጠበቅ ነበር። ከሕመምተኛው ጋር መነጋገር የሐኪሙ ሥራ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ይህን አስተያየት ከለወጡት ሰዎች መካከል ሂልድጋርድ ፔፕላው በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ።

ፔፕላው በ1909 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት በሬዲንግ ከተማ ተወለዱ። በአገራችን «የኅዳር በሽታ» የተባለው ወረርሽኝ በ1918 ዓለምን ባዳረሰ ጊዜ ገና ልጅ ነበሩ፤ ትኩሳቱ ያቃዣቸውን ሰዎች ሁኔታና በየቤተ ሰቡ የገባውን ኀዘን በዐይናቸው አይተዋል። በ1931 ከነርሶች ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ በ1943 ደግሞ ቤኒንግተን ከሚባለው ኮሌጅ በሥነ ልቡና ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በተማሪነታቸው ጊዜ በሜሪላንድ ግዛት ቼስትነት ሎጅ በሚባለው የአእምሮ ሆስፒታል ቆይተው፤ ጽኑ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንኳ በጥንቃቄና በትዕግሥት በሚደረግ ንግግር ሊረዱ እንደሚችሉ ተመልክተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም በጦር ሠራዊት ነርስነት በእንግሊዝ አገር ጦርነቱ አእምሯቸውን ያወከባቸውን ወታደሮች ይረዱ ነበር።

የነርስንና የሕመምተኛን ግንኙነት የሚያስረዳው ዋና መጽሐፋቸው በ1952 ታተመ። ጽሑፉ የተጠናቀቀው ከዚያ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነበር፤ ነገር ግን ነርስ ያለ ሐኪም ተባባሪነት በራሷ ስም መጽሐፍ ማውጣቷ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ስለ ነበረ ኅትመቱ ዘገየ። ፔፕላው ከ1954 እስከ 1974 ድረስ በሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ሲያስተምሩ ኖረው በ1999 ዐረፉ።

የትምህርታቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ነርስነት በሁለት ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነት ነው፤ ነርሷ የምትሰጠው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን አቀራረቧ፣ ድምፅዋና ዝምታዋም በሕመምተኛው ላይ ይሠራል። ጭንቀትንም በአራት ደረጃ ከፍለውታል፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ የመጨረሻውም ራስን የሚያስት ድንጋጤ ነው። በቀላል ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው እንዲያውም ንቁ ሆኖ ትምህርት ሊቀበል ይችላል፤ በከባድ ጭንቀት የተያዘው ግን ረዥም ምክር አይገባውም። ለእርሱ የሚጠቅመው አጭር ቃል፣ ዝግ ያለ ድምፅና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው። ደግሞም ጭንቀት ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፤ ነርሷ አስቀድማ የራሷን ጭንቀት ማወቅና መግዛት ይገባታል ብለው አስተምረዋል።

ይህ ትምህርት ለአገራችን ልዩ ጥቅም አለው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለረዥም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ አስቀድሞም ሆነ ከዚያ ወዲህ ለዚሁ ተግባር የሠለጠኑ ነርሶች በየሆስፒታሉ ተመድበው ከሥራው ብዙውን ክፍል ተሸክመዋል። ስለዚህ በብዙ ከተማ የአእምሮ ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚያገኘው ባለሙያ ነርስ መሆኑን አንባቢዎቻችን ሊያውቁት ይገባል።

3ኛ፤ የግንኙነቱ ደረጃዎች በምሳሌ ሲገለጡ

ፔፕላው ግንኙነቱ በአራት ደረጃ እንደሚያልፍ ጽፈዋል። ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። ይህ ለትምህርት ያህል የታሰበ ምሳሌ ነው እንጂ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ጨርቅ እየሸጠች የምትኖር የሠላሳ ዓመት ሴት የአራት ዓመት ልጅዋ በተቅማጥ ሞተባት እንበል። ለቅሶው ካለፈ ከብዙ ወራት በኋላም አትተኛም፤ በቅጡ አትበላም፤ ሱቋን ዘግታለች። ታላቅ ወንድሟ ወደ ጤና ጣቢያ አመጣት፤ ሐኪሙም መርምሮ የአካል በሽታ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ወደ አእምሮ ሕክምና ነርስ መራት።

የመጀመሪያው ደረጃ መተዋወቅ ነው። ሁለቱ ሴቶች ገና እንግዶች ናቸው። ነርሷ ስሟንና ሥራዋን ከተናገረች በኋላ «በየሳምንቱ ማክሰኞ ጧት በአራት ሰዓት እዚሁ እንገናኛለን፤ አርባ አምስት ደቂቃም እንቀመጣለን። የሚነግሩኝን ለቤተ ሰብዎ አልናገርም፤ ለሕይወትዎ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካገኘሁ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ይህንንም አስቀድሜ እነግርዎታለሁ» ትላታለች። ሕመምተኛዋ ዝም ትላለች፤ በእርሷ ፈንታ ወንድሟ ይመልሳል። ነርሷም በአክብሮት «እርስዎ ጥቂት ከውጭ ይጠብቁን» ትለዋለች። በዚያ ቀን ሴትዮዋ አንዲት ቃል ባትናገርም ቀጠሮው ከንቱ አልሆነም፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ በአራት ሰዓት ነርሷን በዚያው ወንበር ላይ ስታገኛት የተነገራት ነገር እንደ ተፈጸመ ታያለች። መተማመን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ መቀራረብ ነው። ሕመምተኛዋ መናገር ትጀምራለች፤ ነርሷንም ትፈትናለች። «ሲስተር፤ እርስዎ ልጅ አለዎት?» ብላ ትጠይቃታለች። ነርሷ ጥያቄውን አትሸሽም፤ ስለ ራሷም ረዥም ታሪክ አትጀምርም። «አዎን፤ አለኝ። ይህን ሲጠይቁኝ ምን አስበው ነበር?» ትላለች። ሴትዮዋም «ልጅ የሌላት ሰው አይገባትም ብዬ ነው» ትላለች። በዚህች አጭር መልስ ንግግሩ ወደ ሕመምተኛዋ ተመለሰ።

ሦስተኛው ደረጃ በተገኘው እርዳታ መጠቀም ነው። ከብዙ ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ቀን ውሃውን አላፈላሁትም» ትላለች። እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ እንዲያስብ እንፈልጋለን። የመጠጥ ውሃ ይፈላ ዘንድ በዚህ መጽሔት ደጋግመን የምናስተምር እኛ ነን። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ብዙ ሕፃናትንም ያድናል። ነገር ግን ልጅዋ ለሞተባት እናት ይኸው ትምህርት የክስ ቃል ሊሆንባት ይችላል።

ነርሷ ምን ትመልስ? «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ብላ ብትቸኩል ሴትዮዋ አታምናትም፤ ምክንያቱም ነርሷ ገና ነገሩን አልሰማችም። ስለዚህ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «ያ ቀን እንዴት እንደ ነበረ ይንገሩኝ» ትላለች። ሴትዮዋም ከሰል ማለቁን፣ የገበያ ቀን መሆኑን፣ ልጁ ውሃ ውሃ ማለቱን እያለቀሰች ትተርካለች። ነርሷ «ይህን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አልተናገሩም» ስትላት «ለማንም አልተናገርሁም» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሁለቱ ነገሩን አንድ በአንድ ያዩታል። ነርሷ እውነቱን አትለውጥም፤ «ተቅማጥ በውሃ ይተላለፋል፤ በእጅ፣ በምግብና በዝንብም ይተላለፋል። በልጅዎ ላይ በየትኛው መንገድ እንደ ደረሰ እኔም እርስዎም ልናውቀው አንችልም» ትላታለች። እናቲቱ ኀዘኗ አይጠፋም፤ ነገር ግን ብቻዋን የተሸከመችው ክስ ወደ ቃል ወጥቶ በሌላ ሰው ፊት ሲታይ ክብደቱ ይቀንሳል። ከዚህ ጋር በአንድነት ትንንሽ ሥራ ይታቀዳል፤ በዚህ ሳምንት በመደበኛው ሰዓት መተኛት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሱቁን ለአንድ ጧት ብቻ መክፈት።

አራተኛው ደረጃ መሰነባበት ነው። ነርሷ የቀጠሮው ፍጻሜ መቼ እንደሚሆን ሳምንታት ሲቀሩት ትናገራለች። በዚህ ጊዜ እንቅልፍ ማጣቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ መለያየት የቀድሞውን መለያየት ስለሚያስታውስ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለቱም ስለዚሁ ይነጋገራሉ። የሕክምናው ዓላማ ሕመምተኛዋ ነርሷን ዘወትር እንድትፈልጋት ሳይሆን ያለ እርሷ መቆም እንድትችል ነው።

4ኛ፤ «አይዞህ» ስለ ማለት

ያዘነ ሰው ባገኘን ጊዜ አስቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው ቃል «አይዞህ» ወይም «አይዞሽ» የሚለው ነው። ቃሉ ደግ ነው፤ በለቅሶ ቤትም በመንገድም ብዙ ሰው አጽንቷል። ይቅር አንልም። ነገር ግን ያለ ጊዜው ሲነገር የሕመምተኛውን አፍ ይዘጋል። መናገር የጀመረ ሰው «አይዞህ፤ ይህ ምንም አይደል፤ ያልፋል» ሲባል፤ ሰሚው ከዚህ በላይ ለመስማት እንዳልፈለገ ያስባል። አንዳንድ ጊዜም ይህን ቃል የምንቸኩልበት ለእርሱ ብለን ሳይሆን ኀዘኑን መስማት እኛን ስለሚያስጨንቀን ነው።

ስለዚህ «አይዞህ» ከመባሉ በፊት መስማት ይቅደም። የሠለጠኑ ነርሶች ከሚከተሉት ሥርዓት ለማንኛውም ሰው የሚጠቅሙትን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

ሀ) ዝምታን መታገሥ። ሕመምተኛው ዝም ሲል ቃል እየፈለገ ሊሆን ይችላልና ቦታውን በወሬ አለመሙላት።

ለ) «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ከማለት ይልቅ «እንዴት ነበረ? መቼ ጀመረህ?» ብሎ መጠየቅ። «ለምን» የሚለው ጥያቄ ሰውን እንደ ተከሳሽ ያስቆመዋል።

ሐ) የተሰማውን በአጭሩ መልሶ መናገር። «ሌሊቱን ሙሉ ነቅተህ ታድራለህ ማለት ነው» ሲባል ሕመምተኛው መሰማቱን ያውቃል፤ ስሕተትም ካለ ያርማል።

መ) ለመምከር አለመቸኰል። ያልተጠየቀ ምክር ችግሩን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

ሠ) የማይፈጸም ተስፋ አለመስጠት። «ነገ ትድናለህ» ከማለት «ሐሙስ ተመልሼ እመጣለሁ» ብሎ ሐሙስ መገኘት ይበልጣል።

5ኛ፤ የግንኙነቱ ድንበር

በዚህ ሕክምና ውስጥ ያለው ቅርበት ወዳጅነት ይመስላል፤ ነገር ግን ወዳጅነት አይደለም። ነርሷ ከሕመምተኛው ገንዘብ አትበደርም፤ ሥራ አታስፈጽምም፤ በፍቅር ግንኙነትም ፈጽሞ አትቀርብም። ሕመምተኛው ለመታከም ሲል ምሥጢሩን የገለጠ ሰው ስለ ሆነ፤ ይህን ለግል ጥቅም ማዋል ከባድ በደል ነው።

ስለ ስጦታ ደግሞ ብዙ ቤተ ሰብ ይቀየማል። በምስጋና የመጣ ዶሮ ወይም እንቁላል ሲመለስ «ናቀችን» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን ንቀት አይደለም። ስጦታ የሰጠ ሰው በሚቀጥለው ቀን ተቆጥቶ ለመናገር፣ ቅር ያለውንም ለመግለጥ ነጻነት ያጣል፤ ስጦታ የሌለውም «ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ?» ብሎ ከሕክምናው ይቀራል።

እንዲሁም ዘመድ ነርሷን «ምን አለችሽ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ላያገኝ ይችላል። ይህም የሕክምናው መሠረት ነው። ምሥጢሩ የሚገለጠው ከላይ እንደ ተናገርነው ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜም ለሚመለከተው ሰው፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው።

6ኛ፤ ንግግር ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ

ንግግር ሁሉን ይፈውሳል አንልም። የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰዎች ሊገድሉኝ ነው ብሎ በጽኑ የሚያምን፣ ወይም ለብዙ ቀን ሳይተኛ ከመጠን በላይ የሚፈነጥዝና የሚቆጣ ሰው መድኃኒት ያስፈልገዋል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የነርሷ ንግግር ከመድኃኒቱ ጋር በአንድነት ይሰጣል፤ ክኒኑን ለምን እንደሚወስድ እንዲረዳ፣ የሚያስቸግረውንም ነገር እንዲናገር ያግዘዋል። ወደ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መሄድ ይችላል፤ ሁለቱን የሚያጣላ ነገር የለም። በሰንሰለት ማሰርና በጨለማ ክፍል መዝጋት ግን ቁስልንና ፍርሃትን ይጨምራል እንጂ ሕመሙን አያድንም።

ራሱን ለመግደል የሚያስብ የሚመስል ሰው ሲገኝ ብዙዎች «ብጠይቀው ሐሳቡን አስታውሰዋለሁ» ብለው ይፈራሉ። ይህ ፍርሃት ትክክል አይደለም። «መኖር አስጠልቶህ ራስህን ለመግደል አስበህ ታውቃለህን?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ ይልቁንም ብዙውን ጊዜ ብቻውን የተሸከመውን ሰው ያሳርፈዋል። መልሱ «አዎን» ከሆነ ብቻውን አይተው፤ ገመድ፣ የተባይ መርዝ፣ መሣሪያና የተከማቸ ክኒን ከአጠገቡ ይራቅ፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ድርጅት ይወሰድ። ምግብና ውሃ ፈጽሞ የተወ፣ ወይም ከወለደች በኋላ ሐሳቧ የታወከባትና በራሷ ወይም በሕፃኑ ላይ ጉዳት ታደርሳለች ተብላ የምትጠረጠር እናትም እንዲሁ አስቸኳይ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል።

7ኛ፤ የመምህራንና የቤተ ሰብ ድርሻ

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በ2006 አንድ ሥራ ጀመሩ። በጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው በሠፈሩ የታወቁ አሮጊቶችን የንግግር ሕክምና አሠለጠኗቸው። የአገሩ ሰው ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ ትርጓሜውም ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው፤ እኛ «ሐሳብ በዛብኝ» እንደምንለው ያለ ነው። 573 ሰዎች ተመርምረው በ2016 በታተመው ጥናት፤ በወንበሩ ላይ ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት ሕመምተኞች ከስድስት ወር በኋላ የሕመም ምልክታቸው ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ ቀንሶ ተገኝቷል። አያቶቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ነገር ግን ሠልጥነዋል፤ ሥራቸውንም የሚመለከትላቸው ባለሙያ ነበረ። ትምህርቱ ይህ ነው፤ ማንኛውም ወሬ አይፈውስም፤ ሥርዓት ያለው ማዳመጥ ግን በተራ ሰው አፍና ጆሮም ሊሠራ ይችላል።

መምህር አካሚ እንዲሆን አንጠይቀውም። ነገር ግን ደህና ይማር የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ሲል፣ ሲገለል ወይም ከትምህርት ሲቀር አስቀድሞ የሚያየው መምህሩ ነው። በክፍል ፊት ሳይሆን ለብቻው ጠርቶ «ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ዝም ብለሃል፤ እንዴት ነህ?» ብሎ መጠየቅ፣ የተነገረውን ሳይንቁ መስማት፣ ካስፈለገም ከወላጁ ጋር ሆኖ ወደ ጤና ጣቢያ መምራት በቂ ነው። «እብድ» የሚለውን ቃል ከትምህርት ቤት ግቢ ማስቀረትም የመምህሩ ሥራ ነው።

ቤተ ሰብም ሕመምተኛውን በቀጠሮው ቀን ያድርስ፤ ከውጭ ይጠብቅ፤ ሲመለስ «ምን ተባልህ?» ብሎ አያስጨንቀው። መሻሻሉን ከሳምንት ወደ ሳምንት ይመልከት እንጂ ከአንድ ቀጠሮ በኋላ ፍጹም ጤና አይጠብቅ።

በክፍል ወይም በዕድር ስብሰባ ለመወያየት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የንግግር ሕክምና ከተራ ጨዋታ በምን በምን ይለያል?
2. በምሳሌው ውስጥ ነርሷ «የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ብላ ያልቸኰለችው ስለ ምንድር ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?
3. ምሥጢር የማይጠበቅበት ጊዜ መቼ ነው?
4. በሠፈራችን ዝም ያለ ሰው አለን? በዚህ ሳምንት ማን ሄዶ ይጠይቀው?

አራተኛው ጥያቄ በቃል መልስ ብቻ እንዳይቀር አንባቢዎቻችንን አደራ እንላለን።